ፎቅ ላይ የወጣው በር

እትዬ ማሚቴን ከፍራንክሊንተን ሰፈር የሚያስነሳ ሰው ገና አልተወለደም። እንዲህ የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦ ሄዶ፣ አንድ ኩባንያ መንገዱን በሙሉ አፍርሶ አፓርታማ ሊሠራ ሲያሰፈስፍም ይህንኑ ይሉ ነበር። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ የቤት ኪራይ ሊዝ ባለቀ ቁጥር ፍራሽ ተሸክመው ሲንከራተቱ ኖረው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ወገባቸው እስኪጎብጥ ሠርተው የገዟት ቤት ናት።

በ2020 ኮሮና ሰዉን ሁሉ ቤት ባስቀመጠ ጊዜ፣ ልጃቸው ናርዲ የፈረንሳይ ገጠር መንደሮችን የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተችላቸው። ለፈረንሳይ ደንታ አልነበራቸውም። በመካከለኛው ዘመን የተሠሩትን ባለ ወፍራም ግንብ ቤቶች ሲያዩ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የንጉሥ ቤተ መንግሥት አይደሉም፤ የመንደር ባላባት ከነከብቱ የኖረባቸው ናቸው። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፣ ቀስት መወርወሪያ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ። በሩ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠላት ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ መሳብ ነው።

«ስንቱ ጦር መጥቶ ሄዷል፤ ቤቱ ግን ይኸው» አሉ።

«ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሀውስ» አለች ናርዲ።

«እኔስ ምን አልኩ?»

ብዙም ሳይቆዩ የታችኛውን በር በሳንቃ አስመትተው አዘጉት። ቤቱ ድሮ ለሁለት ተከራይ የተከፈለ ስለነበር በጓሮ በኩል ወደ ፎቅ የሚያወጣ ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነበረው፤ ከዚያ ወዲያ መግቢያው እሱ ሆነ። ገዢዎች ሳንቃውን ሲደበድቡ እሳቸው በላይኛው መስኮት ብቅ ብለው «ኖት ፎር ሴል» ይሉና ይዘጋሉ።

ኩባንያው በዓመቱ ሐበሻ ደላላ ቀጠረ። ቢሩክ ይባላል፤ የሀብታሞቹ ሰፈር የዎርዝንግተን ሰው ነው፣ ባህሉን ግን አሳምሮ ያውቃል። ሳንቃውን አልደበደበም፤ ሽማግሌ ላከ። ከቸርቻቸው ጋሼ ነጋንና ጋሼ ቶሎሳን። እዚህ ላይ እትዬ ማሚቴ ፈሩ። ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም። ገብቶ «እሺ ካላልሽ አንቀመጥም» ካለ ደግሞ ሽበት አቁሞ እምቢ ማለት የማይሞከር ነገር ነው። ቤታቸው የሄደች መሰላቸው።

ሽማግሌዎቹ የጓሮውን ደረጃ መውጣት ጀመሩ። ጋሼ ነጋ መሐል ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ያዙ። ጋሼ ቶሎሳ በማስካቸው ውስጥ ያለከልካሉ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ እትዬ ማሚቴ በሩን ከፍተው።

«የለም እህታችን፣ የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ካላልሽን...» ጋሼ ነጋ አልጨረሱትም። ጉልበታቸው ከዳቸውና ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ጋሼ ቶሎሳም ተከተሏቸው።

እትዬ ማሚቴ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«እንግዲህ ተቀመጣችሁ» አሉ ውሃ እያቀረቡ። «ከተቀመጣችሁ እንግዶቼ ናችሁ፤ ምሳ በልታችሁ ትሄዳላችሁ። ቤቱን አልሸጥም።»

ጋሼ ነጋ ደረጃውን በቂም አዩት። «በሩን ማነው እዚህ ያወጣው?»

«ፈረንሳዮች» አሉ እትዬ ማሚቴ። «አሁን ቢሩክን ኮል አድርጉትና ራሱ ይምጣ በሉት። ወጣት ነው፣ መቆም ይችላል። እስኪደክመው ቆሞ እምቢታዬን ይስማ።»

ቢሩክ አልመጣም። በ2022 አፓርታማው በግራም በቀኝም ተሠራ፤ እትዬ ማሚቴም ከመሐሉ፣ በዚያው በጓሮ ደረጃ አስቤዛቸውን ይዘው ይወጣሉ።