በጥላሁን ክንድ

ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት አሥር ክንድ ቺንጋ ተሸክሜ ነው። ቺንጋ የምላችሁ የወፍጮን ድንጋይ ከሞተሩ ጋር አያይዞ የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ ነው። ከጎረቤላ በታች ወፍጮ ቤት ያለው ጥላሁን የሚባል ሰው በዋዜማው ደውሎ፣ «እህቴ፣ ቺንጋው ተበጠሰብኝ። አሥር ክንድ ይሆናል። ነገ ካልደረስሽ የመንደሩ ሴት ሁሉ ይበላኛል» አለኝ። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ወፍጮ የጠገንኩ ሰው ነኝ፣ በራሴ ክንድ ለክቼ ቆረጥኩ። ሜትሬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ማን ይክፈተው።

ጠዋት 12፡30፣ መናኸሪያ

ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ ያገኘሁት ሻይ በፓስቲ ነው። ሾፌሩ ጥቅልሉን አይቶ፣ «ይሄስ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል» አለ።

«እግሬ ሥር ይተኛል። አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።»

መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ መስኮት ያዝኩ። ሜዳው ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱም ታጭዷል። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ጉም ዋጠን። ጭላዳዎች አስፋልቱ ዳር ሣር ይነጫሉ፣ ክላክስ ቢነፋባቸውም ቀና አላሉም። ጉሙ እስኪገለጥ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከጎረቤላ ደግሞ በእግሬ ወረድኩ።

4፡30፣ ወፍጮ ቤቱ

ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከሁሉም ፊት የነበሩት እትዬ አሰገደች ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ከርመው፣ አምና ነው ወደ ሟች ባላቸው ዘመዶች መንደር የመጡት።

«የነገው ሚካኤል ተራዬ ነው» አሉኝ። «እዚህ ማኅበር ከገባሁ የመጀመሪያዬ። ቤቴን ጥዬ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ዳቦው ዛሬ ማታ ካልተቦካ ምን ይዤ እቀርባለሁ?»

«አይዞዎት እትዬ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ጥላሁን ሊጨብጠኝ ከሞተሩ ጀርባ ተነሣ። ተነሣ፣ ተነሣ፣ አሁንም ተነሣ። አናቱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። የዘረጋልኝን ክንድ ከራሴ ጋር በዓይኔ ለካሁት። ቺንጋውን ብንገጥመው ሁለት ስንዝር አጠረ።

«ክንድ ሁሉ አንድ መስሎኝ» አለ።

«ለእኔም መስሎኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እትዬ አሰገደች አልሳቁም። የጆንያቸውን አፍ ማሰር ጀመሩ።

«ወዴት ነው?»

«ጎረቤላ ካለው ወፍጮ ልውጣ እንጂ፣ ምን ላድርግ?»

ያን ሁሉ ስንዴ በጀርባ፣ በዚያ ዳገት። «ይቀመጡ» አልኳቸው። «ዱቄትዎን ይዘው ሲወጡ ሳላይ አልሄድም።»

ሞተሩን ፈትተን ወደ ድንጋዩ አስጠጋን፤ አንድ ስንዝር ተገኘ። ለቀረው ከተበጠሰው ቺንጋ ደህናውን ቆርጬ ልቀጥል አሰብኩ። እሱ ደግሞ ሁለት መጋጠሚያ ይፈልጋል፣ የያዝኩት ማያያዣ ለአንድ ብቻ ነው። ይሄኔ እትዬ አሰገደች፣ «ጠፍር አይሆንም? በሬ የሚጎትተውን የቻለ ይሄን ያቅተዋል?» አሉ። ጥላሁን በዚያ ረጅም እግሩ ሁለት እርምጃ የተራመደ ሳይመስለኝ ከቤቱ የሞፈሩን ጠፍር ይዞ ተመለሰ። አንዱን መጋጠሚያ በማያያዣው ይዤ፣ ሌላውን በወስፌ እየበሳሁ በጠፍሩ ሰፋሁት።

8፡00

ማብሪያውን ብጫን ጭጭ። መብራት ሄዷል። ቆሎ ተዘገነልኝ፣ ዓይኔን ግን ከአምፖሉ አላነሣሁም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምፖሉ በራ፣ ድንጋዩም ዞረ፤ የጠፍሩ መጋጠሚያ ባለፈ ቁጥር ጧ ጧ ይላል። እኔ አሥር ጊዜ ቆጠርኩት። አልተበጠሰም። እትዬ አሰገደች ትኩሱን ዱቄት በመዳፋቸው ይዘው ለእያንዳንዷ ሴት፣ «ነገ እንዳትቀሪ» አሉ።

ማታ ቤቴ ስገባ ኮቴንም ሳላወልቅ ሜትሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከእንግዲህ በስልክ ክንድ የሚነግረኝን ሰው አስቀድሜ ቁመቱን እጠይቃለሁ።

አሥራ ሦስት ቀን ያው ሾፌር ሱቄ በር ላይ ቆሞ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የዳቦ ቁራሽ ሰጠኝ።

«እትዬ አሰገደች ናቸው የላኩት» አለ። «‹ዳቦው በጥላሁን ክንድ አንድ ክንድ ወጣ፤ የቀረ ሰው የለም፣ ለሁሉም ደርሷል፤ ይኸው ያንቺ› በልልኝ ብለዋል።»