የአምናው ዓመተ ምህረት

እንጅባራ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰሞን ለቡድን ሥራ የሚሆን ፕሮግራም መጣ፤ አምስት ሰው በየኮምፒውተሩ ሆኖ አንድ ዕቅድ በአንድ ጊዜ ይጽፍበታል። ለሰው ይመች እንደሆነ ፈትሼ ቅጽ እንድሞላ ታዘዝኩ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «መጠቀም ያልቻለ ሠራተኛ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ስሙ እዚያ የገባ ሰው ከዕቅድ ክፍል ይነሳል ብሎኛል ኃላፊው። ማንን እንዳሰበ ገብቶኛል፤ ዳንግላ ቅርንጫፋችን የሚሠሩትን አንጋፋ ባለሙያ ነው። እኔን ሪፖርት መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በሙከራው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እሳቸው ከዳንግላ፣ አራት ባልደረቦቼ ደግሞ እዚሁ ሆነው ፕሮግራሙ ውስጥ ገቡ። ስማቸው ከላይ ተደርድሮ ይታየኛል፤ ገጹ ግን ነጭ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ፊደል የለም። ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፤ ደህና ነው። ግራ ቢገባኝ ከአራቱ ከጎኔ ያለችውን ጠየቅኳት።

«ጋሼ ሳይጀምሩማ እንዴት አድርጌ?» አለችኝ። ሌሎቹም እንደዚያው። ዳንግላ ደወልኩ።

«እኔማ ሰዎቹ ገብተው ሳይ ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ነው፤ ሲጨርሱ እጽፋለሁ» አሉኝ።

«እርስዎን እኮ ነው የሚጠብቁት፣ ጋሼ።»

ጀመሩ፤ እንዲያውም ከሁሉም ፈጠኑ። ብቻ ርዕሱ ላይ የአምናውን ዓመተ ምህረት ጻፉ። በኋላ ስጠይቅ አራቱም አይተውታል፤ ማንም ግን አልነካውም፤ ከሥሩ እየጻፉ ወረዱ። እኔም አይቼ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አሳረፍኩና መልሼ አነሳሁ። ከሙከራው በኋላ ባደልኳቸው መጠይቅ ላይ «ስህተት ለማረም ይቀላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «በጣም ይቀላል» ላይ ምልክት አድርገዋል። መቅለሉን በምን አወቁ? ውሸት ነው እንዳልል ቁልፉ እውነትም ቀላል ነው። ታዲያ የምፈትሸው ፕሮግራሙን ነው ወይስ እኛን? ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ደወሉ።

«ዓመቱን አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር፣ ጋሼ።»

«የመጀመሪያ ሪፖርትህን በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዘው ንቄህ መስሎህ ነበር? ወይስ እኔ ከመታረም አልፌያለሁ?»

አፈርኩ። እሳቸው ስልኩን ሳይዘጉ የተሳሳተውን አጥፍቼ የዘንድሮውን ጻፍኩ።

ቅጹ ላይ ያቺ ክፍት ቦታ ቀረች። ብዙ ካመነታሁ በኋላ የራሴን ስም ጻፍኩባት። ኃላፊው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ደግሞ ምኑ አቃተህ?»

«አንድ ቁጥር ማጥፋት» አልኩት።