አባቴን ያራመደው ጠላት

አባቴን ስትሮክ መትቶት ግራ እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቁርጡን ነገረችን፤ በየቀኑ ካልተራመደ እግሩ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። ይሄማ ለእኔ ቀላል ነው አልኩ። የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ሰነፍ ተማሪ እንዴት እንደሚነሳሳ ኮሌጅ ገብቼ ተምሬያለሁ።

የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩበት። ትንንሽ ግብ አወጣሁለት፤ ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ መብራት ምሰሶው። በተራመደ ቁጥር አጨበጨብኩ። «ጎበዝ አባዬ!» ስለው ገላመጠኝ።

«ዳዴ የምታስብይው ሕፃን አገኘሽ?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከግቢ ሳስወጣው ደግሞ ቡራዩ መከራዬን አሳየችኝ። የሰፈራችን ሰው ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይችልም። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየው በርጩማ ይዞ ይወጣል፤ «ኦቦ፣ አካም ቡልተን! እንዴት አደሩ! ምነው ቆመው? አረፍ ይበሉ እንጂ!» ከእሱ ስናመልጥ ባጃጅ ይቆማል፤ «አባባ ይግቡ፣ በነፃ ነው!» አባቴ እንደ ሚኒስትር በባጃጅ ይመለሳል፣ እኔ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ስፖርቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። «ተዉት፣ በእግሩ ይሂድ» ብዬ ስለምን ጨካኝ ልጅ ተባልኩ። በደግነታቸው ሽባ ሊያደርጉት ነበር፤ በጣም ተናደድኩ።

ወንበር የማያቀርቡለት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በአጥር የተጣሉት ጎረቤታችን። ደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አባቴ ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ልብ አልኩ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ወገቡ ይቃናል፣ ክንዴን ይለቃል፣ ግራ እግሩን ከመሬት ያነሳል። የሚያለከልከው ካለፈ በኋላ ነው። የኮሌጁ ትምህርት ስለ ጠላት አንድም ቃል አልነበረውም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ።

«እባክዎ፣ ፀሐይዎን ትንሽ ራቅ ብለው ይሙቁልኝ» አልኳቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቃቸውን ዋጡ።

«ለእግሩ ነው? ይሁን።»

መቀመጫቸውን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ቀስ በቀስ አራቁት። አባቴም «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የማይቀመጥበት የለም!» እያለ እየተሳደበ ደረሰባቸው። ውሎ አድሮ የሚደገፈውን ከዘራ ጣለ።

በዓል ሲቃረብ ሽማግሎች ሁለቱን ሊያስታርቁ ተነሱ። እርቅ እንዳይሰምር ስለት የተሳልኩ የመጀመሪያዋ ክርስቲያን ሳልሆን አልቀርም። ስለቴ አልሠራም። እርቅ ላይ ደግሞ በሆድ የተያዘ ሁሉ ይወጣልና፣ ጎረቤታችን «እኔ እንኳ ራቅ ብዬ የተቀመጥኩት ልጅህ ለምናኝ ነው» ብለው ዘረገፉት።

አባቴ እሳቸውን አቅፎ ሳመ። እኔን ግን «ከጠላቴ ጋር ዶልተሽ ተጫወትሽብኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

ጠዋት ክንዴን ስዘረጋለት ገፍቶኝ፣ በሩን በላዬ ዘግቶ ብቻውን ይወጣል። ባለሱቁ በርጩማ ሲያወጣለት «አልቀመጥም፣ ያቺ ልጅ በመስኮት እያየች ነው» ይላል አሉ። እውነቱን ነው፣ አያለሁ። አንድ ቤት እያደርን ድምፁ ይናፍቀኛል፤ እራት ላይ ጨው አቀብይኝ እንኳ ቢለኝ ደስ ባለኝ።

ትናንት አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ከአባትሽ ጋር እናስታርቅሽ እንጂ» አሉኝ።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባባ» አልኳቸው፤ «መሮጥ ይጀምርና ያኔ ይመጣሉ።»