ጎርፍ የገባበት የጨረቃ ማሳ

ባለፈው ሳምንት ከጎብዬ ወደ ቆቦ በባጃጅ ስመለስ፣ ልትሞላ ጥቂት ቀን የቀራት ጨረቃ ከማሽላው በላይ ታየችኝ። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ምን ጠፋብዎት እትዬ ቢለኝ ጨረቃዋን በጣቴ አሳየሁት።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወልድያ ለሚደረግ የሳይንስ ውድድር ከክፍላችን አንድ ሰው ሊመረጥ ሆነ። ከዋጃ ገበያ አልፌ ስለማላውቅ የወልድያ ነገር እህል ውሃ አሳጣኝ። ለመመረጥ ብዬ ካርቶን ላይ ጨረቃን ሣልኩ። የትምህርት መጽሐፋችን ጥቁሮቹን ቦታዎች «ባሕር» ስለሚላቸው በሰማያዊ ቀለም አጥለቀለቅኋቸው፤ አልበቃ ብሎኝ ጀልባ ጨመርኩ።

በምርጫው ዋዜማ፣ የፊዚክስ መምህራችን ያዋሰኝን ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ የውሃ አባት ነበር፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል። ፊደል አልቆጠረም። መግሪብ ሰግዶ ደጅ ቆመና ጨረቃዋን አያት፣ አያት። ከዚያ ሥዕሌን አይቶ ሳቀ።

«ይኼማ ውሃ አይደለም ልጄ፣ ደለል ነው» አለኝ። «ያችን ግማሽ ክብ እያት። መጀመሪያ ዙሪያዋን ክትር ያላት ጉድጓድ ነበረች። ኋላ ጎርፍ ገባባት፤ የታችኛውን ክትር ዋጠና እዚያው ረግቶ ቀረ።»

ደግሜ አየሁ። ወላሂ፣ ቁርጥ የኛ ማሳ! በደስታ ዘለልኩ። መነጽሩን ስንነጣጠቅ እራቱ ቀዘቀዘ። ሰማያዊውን በከሰል አጠቆርኩት፤ ጀልባዬም አብራ ሰመጠች።

በማግስቱ መምህራችን ካርቶኑን አይቶ፣ መጀመሪያ ጉድጓድ ኋላ ጎርፍ ብዬ ሳስረዳው ከወንበሩ ተነሣ። ጉድጓዱን የቆፈረው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ፣ ጎርፉም ከሥር ገንፍሎ የወጣ የቀለጠ ዓለት መሆኑን አስረዳን፤ ቅደም ተከተሉን ግን አግኝተሽዋል አለኝ። ወልድያ የምትሄጂው አንቺ ነሽ ሲለኝ መሬት አልበቃኝም።

«ለመሆኑ ከየት አገኘሽው?» አለ።

«ከመጽሐፍ» አልኩ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነገረኝ ማለት አፍሬ።

ማታ አባቴ ጠበቀኝ። «የነገርሁሽን ነገርሻቸው?»

አዎ አልኩት። አልሐምዱሊላህ ብሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሁሉ አስተማሪዎቹ ቃሌን ተቀበሉኝ እያለ ሲያወራ ሰነበተ።

ኋላ እኔም የፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ የጨረቃ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ከጨረቃዋ ሥዕል ሥር ስሙን እጽፍ ነበር። ቢኖር ማንበብ አይችልም፤ እኔ ግን አነብለት ነበር።