አባቴ ራሱን የነቀነቀ ቀን

የምሠራው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ባትሪና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ጥያቄ አንድ ነው። ማዳመጫ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለቱን በሁለት እጁ ያነሣና «እህቴ፣ ከዝጉና ከክፍቱ የትኛው ይሻላል?» ይለኛል። ዝግ የምንለው ጆሮ ላይ የሚገጠመው ክብ ጀርባው ድፍን የሆነውን ነው፤ ድምፅ አያስወጣም፣ አያስገባም። ክፍቱ ደግሞ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ዘፈኑ ወደ ውጭ ይሾልካል፣ የውጩም ጫጫታ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ያህሉን ለማንም አስረዳለሁ። «የትኛው ይሻላል» ሲሉኝ ግን ምላሴን ይበላኛል። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «ምን አገባሽ» በሚል ዓይን ገርምሞኝ ይወጣል። የሱቁ ባለቤት ደንበኛ አባረርሽ እያለ ይቆጣኛል። ምን ላድርግ? በዚህ ጉዳይ ትዳሩ ሊፈርስ ለጥቂት የተረፈ ሰው ልጅ ነኝ።

አባቴ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ነበር። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉት ነበር። «ጆሮ ገባ?» «ጆሮን ጠይቁት» ሲባል ነው የሚውለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔንና ታላቅ እህቴን ይዞን ይሄድ ነበር። ግድግዳው በምንጣፍ የተለበጠ ክፍል፣ ሲከፈት ትንፋሽ የሚስብ የሚመስል ወፍራም በር፣ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት። መብራቱ ሲበራ ማስነጠስ እንኳን ክልክል ነው። አንድ ቀን ስሙ የገነነ ዘፋኝ የራሱን ክፍት ማዳመጫ አድርጎ ሊቀረጽ መጣ። አባቴ ወደ ክፍሉ ገባና በገዛ እጁ ከዘፋኙ ራስ ላይ አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለበት። «ከዚህ የሚሾልከው ሙዚቃ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ቅጂው ይበላሻል። ማይክሮፎን ባለበት ቤት ክፍት ጀርባ አይገባም» አለው። ዘፋኙ እንደ ተማሪ እሺ ብሎ ዝጉን አደረገ። እኔ በዚያ ቀን አባቴ የዓለም ንጉሥ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ግን አንዲት ክፍል ነበረች። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ፣ ከተነሣ ቤቱን ሙሉ የሚያንቀጠቅጥ ነው። እኛ መሬት ላይ ተዘርግተን የቤት ሥራችንን እንሠራለን። አባቴ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ቴፑን አስቀምጦ፣ ጣቢያው አርጅቷል ብሎ የጣለውን፣ እሱ ግን ፈታትቶ ያዳነውን ጥቁር ዝግ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍኖ ያዳምጣል። ስፖንጁ ሲፈረፈር እናቴ ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈ ሰማያዊ ቬልቬት ቆርጣ ሰፋችለት፤ አንዱ ጆሮ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀርም እሱ በኩራት ነበር የሚያደርገው። ያ ማዳመጫ ባይኖር ኖሮ አራት ሰው እዚያች ክፍል ውስጥ እንዴት ይኖር እንደነበር አላውቅም። እሷ መኪናዋን ታንኳኳለች፣ እሱ ዘፈኑን ይሰማል፣ እኛ እንጨቃጨቃለን፤ ማንም ማንንም አይረብሽም።

አባቴን መጥራት ሲያስፈልግ መብራት ይጠፋና ይበራል። ማብሪያ ማጥፊያው እናቴ እጇን ስትዘረጋ ከምትደርስበት ቦታ ነበር። አንዴ ከጠፋ እራት ቀርቧል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከጠፋ እንግዳ መጥቷል። በላይ በላዩ ከጠፋ እኔና እህቴ ተቧቅሰናል፣ ናና ገላግል ማለት ነው። እሱም በበኩሉ ማዳመጫውን ሳያወልቅ ነው የሚያወራው። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው «ሻይ አለ ወይ?» ሲል ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ሚስት በግድግዳው በኩል «እኛም ጋ አልቋል!» ብላ መልሳለት እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች።

ከዚያ ዓመታት እንደዋዛ ነጎዱ። ወላጆቼ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገቡ። እህቴ አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እኔም ለሥራዬ ቅርብ ነው ብዬ ቤት ተከራየሁ። የእናቴ ዓይን ክር ማስገባት አልችልም አለ፤ መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ያዘ። አባቴ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ እናቴን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባልሽን አገኘሽው» ብሏት ነበር። የት ታገኘዋለች! ከጣቢያው ያመጣቸውን ካሴቶች በካርቶን ደርድሮ፣ ጠዋት ቁርሱን እንደበላ ማዳመጫውን ይደፍናል። ድሮ የመኪናው ጫጫታ ነበር፣ እኛ ነበርን። አሁን እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ፊት ለፊት ትውላለች። ስደውልላት «ደህና ነኝ፤ ከግድግዳው ጋር ቁጭ ብለናል» ትለኛለች። እኔ ቀልድ መስሎኝ እስቃለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ደወለችና «ሻንጣ የሚታሰርበት ጠንካራ ገመድ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ስደርስ መኝታ ቤት ልብሶቿን እያጠፈች ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እህቴ ልጇን የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለሳምንት ልትሄድ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። የብርድ ልብሷን ስትከት ግን ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«እህትሽ ጋ ልኖር ነው። ነገ ጠዋት ባሏ በመኪና ይወስደኛል።»

«አባዬስ?»

እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠፈችው፣ መልሳ ፈታችው። «ነግሬዋለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ በደንብ አድርጌ ነግሬዋለሁ። ‹ካንተ ጋር እየኖርኩ ብቻዬን ሆኛለሁ፤ ልጄ ጋ ልሂድ ወይስ ልቅር? ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ፤ የለም ልሂድ ካልኩህስ እሺ ትላለህ?› አልኩት። ታዲያ ምን ያደርጋል መሰለሽ? ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብሎ! አንድ ጊዜ እንኳን አይደለም እኮ፤ ደጋግሞ! ከስንት ዘመን ኑሮ በኋላ ሂጂ የምባለው በአፍ እንኳን አይደለም።»

እንባዋ ቀሚሱ ላይ ጠብ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ማዳመጫውን አድርጎ ነበር?»

«መቼ አውልቆ ያውቃል?»

«እማዬ! ለዘፈኑ እኮ ነው ራሱን የነቀነቀው!»

«ካሴቱ አልቆም ያንን ነገር ደፍኖ ይቀመጥ የለ? ዘፈን ይኑር አይኑር እኔ በምን አውቃለሁ? ከዚያ ጉድ ውስጥ እኮ ምንም አይወጣም!»

ልስቅ ብዬ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ነገሩ ስለተፈታ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀሚሱን ሻንጣው ውስጥ ወርውራ «እንግዲያውማ ባሰ። ሂጂ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሰምቶኛል ማለት ነበር» አለች።

ወደ ሳሎን ሄድኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ምት ይቆጥራል። መብራት ማጥፋቱን አላሰብኩትም። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቄ አወረድኩት። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድፍረት ተፈጽሞ አያውቅም። አፉን ከፍቶ አየኝ። እናቴ ያለችውን፣ እሱ የመለሰውን፣ ነገ ጠዋት የሚሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«መቼ? መቼ ነው ያለችኝ?»

መልሴን ሳይጠብቅ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ሻንጣውን አየ። ሊል የማይገባውን አለ። «ታዲያ ለምን መብራቱን አላጠፋሽውም?»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ዘመኔን ሙሉ መብራት ሳጠፋና ሳበራ ኖርኩ። ለእራትም፣ ለእንግዳም። ለዚህ ነገር ግን መብራት አላጠፋም።»

እሱ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። እሷ ማጠፏን ቀጠለች። እኔ መሃል ሆኜ ደሜ ፈላ፤ በማን እንደፈላ ግን አላውቅም። ሁለቱም ጥፋተኛ አልነበሩም። እሱ ማዳመጫውን የለመደው እኛ እንድንተኛ፣ እሷም እንድትሰፋ ብሎ ነው። እሷም በትዕግሥት ችላ የኖረችው ሥራው ስለሆነ ነው። ቆሞ ማየት ስላልቻልኩ ገመዱን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሱቃችን ቅርብ ባይሆንም እሑድ ክፍት ነው። ከመደርደሪያው ጥሩ የሚባለውን ክፍት ማዳመጫ አውርጄ፣ ለባለቤቱ «አባቴ ይሞክረው» ብዬ ይዤ ተመለስኩ።

አባቴ ተቀብሎ አገላበጠው። በወንፊቱ ቀዳዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አየበት። «ይሄ ጀርባ የለውም እኮ» አለ፣ ልክ አንድ አካሉ የጎደለ ዕቃ እንደሸጡለት ሁሉ። «ሞክረው አባዬ» አልኩት። ራሱ ከቀረጻቸው ካሴቶች አንዱን ከትቶ ማዳመጫውን አደረገ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ፍሪጁ ይሰማኛል።»

«አዎ።»

«ውጭ ልጅ ያለቅሳል።»

«አዎ አባዬ፣ ያለቅሳል።»

«ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል። ሥር የለውም።» ከዚያ፣ ሐቀኛ ስለሆነ፣ ያልወደደውንም ነገር አይክድምና፣ «አየር ግን አለው። ሴትየዋ ከፊቴ ቆማ የምትዘፍን ነው የሚመስለው» አለ። ከዚያ በላይ አላሞገሰውም። ለጥራት ዝጉ ይበልጣል እንዳለ ነው ያለፈው፤ ነፍሱን ይማረውና በዚህ ነገር ማንም አላሳመነውም።

ሊያወልቀው እጁን አነሣ። «ይሾልካል። ሁሉም ነገር ነው የሚሾልከው። ይሄ ቅጂ ያበላሻል።»

«የምን ቅጂ?» አለች እናቴ። ያጠፈችውን አንሶላ ደረቷ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። በአነጋገሯ ቁጣ አልነበረም፤ የምር ጥያቄ ነበር። «ማይክሮፎኑ የታለ?»

አባቴ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ክፍሉን ተመለከተ። ጠረጴዛውን፣ ካርቶኖቹን፣ ጨርቅ የለበሰውን የስፌት መኪና፣ ሶፋውን፣ እሷን። ማይክሮፎኑን የምር የሚፈልግ ነበር የሚመስለው። ያን ሁሉ ዘመን በገዛ ቤቱ ውስጥ የማንን ቅጂ ላለማበላሸት ሲጠነቀቅ እንደኖረ ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ።

«የለም» አለ።

እጁን ጭኑ ላይ መልሶ አሳረፈው። ማዳመጫውን አላወለቀም። ካሴቱ መዞሩን ቀጠለ፤ ከጆሮው ዙሪያ ቀጭን፣ ግን ጥርት ያለ የሴት ዜማ እየሾለከ ክፍሉ ውስጥ ገባ። እናቴ አንሶላውን ሶፋው መደገፊያ ላይ አኖረችና ከጫፉ ተቀመጠች። ብዙ ዓመት ሲሰማው ያየችውን ነገር ስትሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

«ትሰማኛለህ?» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

«እሰማሻለሁ።»

«ዘፈኑም አለ?»

«ዘፈኑም አለ።»

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። እሱን አታየውም፤ የምታየው ወለሉን ነው። «እንግዲያው ልጠይቅህ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

የዘፈኑ ምት ደርሶ ነበር፤ ያንን ቦታ እኔም አውቀዋለሁ፣ አባቴ ራሱን ሳይነቀንቅ አልፎት የማያውቀው ቦታ ነው። ያን ቀን ግን አንገቱን ቀጥ አደረገ። የአንገቱ ሥር እስኪገታተር፣ እንደ ሐውልት ቀጥ። ዓይኑን ገልጦ አያት።

«ቅሪ» አለ።

እንደ ልማዱ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም። የራሱን ድምፅ እየሰማ ስለተናገረ፣ ቃሉ የወጣው ሰው ጎኑ ለተቀመጠች ሚስቱ በሚናገርበት ልክ ነበር። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። እናቴ ከሶፋው አልተነሣችም። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ልብሶቿን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥኑ ስመልስ፣ በተከፈተው በር በኩል «አሁን የምትዘፍነው ማን ነች?» ስትለው ሰማሁ።