የሲዲው ስባሪና ጤፋችን

የአባቴን የመሬት ደብተር ስፈልግ ከሳጥኑ ሥር የሲዲ ስባሪ እጄ ገባ። ወደ መስኮቱ ሳዞረው ግድግዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ፈነጠቀ። ስንት ዓመት አልፎ፣ ያን መምህር ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ቤታችን አምቦ ዳር፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን የጓሮዋን ክፍል ከአባቴ ተከራየ። ከትምህርት ሲመለስ ሲዲ የለጠፈበትን የጫማ ካርቶን ወደ ጤፋችን ያነጣጥርና በቀዳዳው በአንድ ዓይኑ ያያል፤ ከዚያ ይጽፋል። ያኔ በከተማው ዳር መሬት እየተለካ የሚወሰድበት ጊዜ ነበርና ዓይኔን አልነቀልኩበትም። አንድ ቀን ልብስ የማሰጣ መስዬ ደብተሩን ገለጥኩት። «የአከራዬ ማሳ፣ አረንጓዴ። የጎረቤት፣ ገና የታረሰ» ይላል። በእርጥብ እጄ ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ሰው ነበር።

«በርሲሳ፣ አንተ መምህር፣ መሬቴን ለማን ነው የምትጽፈው?» አለው መምህሩን።

«ለማንም አይደለም ኦቦ። ሲዲው ብርሃንን በየቀለሙ ይለያል፤ ቅጠል የሚመልሰው ብርሃን ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ከሩቅ ዓለም በሚመጣ ብርሃን ውስጥ ያ መልክ ከታየ፣ እዚያም ቡቃያ ሊኖር ይችላል። ጤፍ ከሰማይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው የምማረው።»

«ከሰማይ የሚያየውስ ማን ነው?»

መምህሩ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር። አባቴ ቤቱን እንዲለቅ ነገረው።

ፍራሹን ጋሪ ላይ ጭኖ ሲወጣ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር፤ እርጥብ ጤፍ ይሸታል። ቀጭኗን ጨረቃ አሳየኝ።

«ጨለማው ጎኗ ደብዘዝ ብሎ ይታያል አይደል? ከምድር ተንጸባርቆ የሄደ ብርሃን ነው። የእናንተም ጤፍ አለበት።»

ማዘናጊያ መሰለኝ። የተወልኝን ካርቶን በእግሬ ጨፈለቅሁት። የሲዲውን ስባሪ አባቴ «ማስረጃ ይሆናል» ብሎ ከመሬት ደብተሩ ጋር ቆለፈበት።

መሬቱን የወሰዱት ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ መጡ። ካርቶን አልያዙም። ጠዋት «አካም ቡልተን ኦቦ» ብለው ገብተው፣ በርጩማ ስበው፣ እርጎአችንን ጠጥተው ወረቀት አስፈረሙ። እነሱን ማናችንም አልጠረጠርንም።

አባቴ በእርጅናው ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ምሽት፣ ማሳው ላይ ከተሠሩት ቤቶች ቆርቆሮ በላይ ቀጭን ጨረቃ ስትታይ፣ መምህሩ ያለኝን ነገርኩት። ቀና ብሎ ጨረቃዋን አየ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጤፋችን አሁንም እዚያ አለ?»

«አለ፣ አባ» አልኩት።