ድስቱን ገልብጣ የምታየው ሙሉጌጥ

አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ሙሉጌጥን የማይፈራ ድስት ተዋሽ የለም። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከተረከበች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ለሠርግ የተዋሰ ሰው ድስቱን ሲመልስ ገልብጣ ቂጡን ታያለች። በቀይ ቀለም የተጻፈው የእድሩ ስም ተፍቆ ከተገኘ ፍርዱ አንድ ነው፤ ጥፋተኛው ስሙን መልሶ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ድግስ ድስቱን ሁሉ ያጥባል።

ቀን ቀን የምትውለው መሃል ከተማ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቋ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀምጣ ቴሌግራም ላይ የዕቃ ውሰት የሚመዘግብ ፕሮግራም አገኘች፤ ማንም ያውርድ፣ ማንም ያሻሽል ይላል። ለሁሉም ከተሰጠማ ባለቤት የለውም ብላ ደመደመች። ከሥሩ ያለውን ረጅም ጽሑፍ ማን ያነባል! ሦስት ወር ለፍታ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎም እንዲሠራ አደረገችው። የሠሪውን ስም አጥፍታም «በሙሉጌጥ የተሠራ» ብላ በወርቃማ ፊደል ጻፈችበት። እሑድ ለእድሩ ጉባኤ ልታቀርበው ነው። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ለሁሉም ነግራለቻ።

ሐሙስ ዕለት ማርቆስ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ወሬውን ሰምቶ ሱቋ ገባና ፕሮግራሙን የሠራው እሱ መሆኑን ነገራት። ለሕዝብ ከበተንከው በኋላ ምን አገባህ አለችው። እሱም ተረጋግቶ ወንበር ሳበ።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ ለእህቴ ሠርግ ድስት አውሰውን ነበር። በነፃ። ታዲያ የእኛ ሆነ?»

«ምን ሲደረግ? ቀዩ ቀለም እያለ?»

«ቀለሙንማ ፍቄው አሥራ ዘጠኝ ድስት አሳጥበውኛል።»

ሙሉጌጥ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን እሑድ ትዝ አላት፤ በጉባኤው ፊት ሌባ ሊሏት ነው። ማርቆስ ያን ያልተነበበ ጽሑፍ ጮክ ብላ እንድታነበው አደረገ። የቅጂ መብቱ የሠሪው ነው፤ መጠቀምም ማሻሻልም ተፈቅዷል፤ ብቻ የሠሪው ስም አይነካ፣ ያሻሻለም ስሙን ከሥር ይጨምር ይላል።

«የእኔም ስም ይገባል ማለት ነው?»

«ከሥር» አላት።

እሑድ ፕሮግራሙን ከመክፈቷ በፊት ሁሉንም ተናዘዘች፤ የድስቱን ፍርድም በራሷ ላይ ፈረደች። በእሷ ፍርድ ሁለት ጊዜ ድስት ያጠቡት ሊቀ መንበሩ ጋሽ ኩማ ይኸው ቃለ ጉባኤ ላይ በትልቁ እንዲጻፍ አዘዙ። ፕሮግራሙ በሳቅ መሃል ጸደቀ።

በሚቀጥለው ሠርግ ሙሉጌጥ እጅጌዋን ሰብስባ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ አለች። ማርቆስ አጠገቧ ቆሞ እያንዳንዱን ድስት ይገለብጣል።

«እዚህች ጋ ጥቀርሻ ቀርቷል፣ እትዬ።»